ስንዱ ገብሩ፦ ከአዚናራ ግዞት እስከ ፓርላማ ወንበር

ስንዱ ገብሩ ጥር 1908 ዓ.ም. በመናገሻ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር አካባቢ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው በሚሲዮናውያን እጅ አድገው በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ተምረዋል፤ በኋላም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነት አገልግለዋል። በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው መሪነት ወደ አሜሪካ ከተጓዙት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱም እርሳቸው ነበሩ። እኚህ አባት ስንዱንና እህታቸውን የውብዳርን ገና በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። ውሳኔው የዘመኑን ልማድ የጣሰ ነበር፤ የስንዱ ሕይወት መልኩን ያገኘውም ከዚያ ጉዞ ነው።

በዚያ ዘመን በመኳንንቱ ቤት ዳዊት የደገመች ልጃገረድ አትጠፋም። መጻፍና መድረስ ግን የካህናትና የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ሙያ ሆኖ ኖሯል። ከዚህ ልማድ ጥሰው የወጡ ሴቶች ነበሩ። በጎጃም ጽላሎ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ራሳቸው የቅኔ መምህር ሆነዋል። የእማሆይ ጥበብ በጉባኤ የሚዘረፍ፣ በተማሪ ቃል የሚወረስ ነበር እንጂ ማተሚያ ቤት የሚገባ አልነበረም።

የማተሚያ ቤቱን ጎዳና የከፈቱት ወንዶች ናቸው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረጓት ጦቢያን ነው። ጦቢያ አገር አቋርጣ ለመጓዝ የወንድ ልብስ መልበስ ነበረባት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በልብ ወለዶቻቸው የጋብቻን ልማድና የሴት ልጅን ዕጣ አንሥተዋል። የሴት ነገር እንግዲህ ከአማርኛ ልብ ወለድ ልደት ጀምሮ የድርሰት ጉዳይ ነበር፤ ብዕሩን የያዘችው ሴት ራሷ ስትሆን ለማየት ግን ዓመታት መጠበቅ ግድ ሆነ።

ስንዱ በስዊዘርላንድ ሥነ ጽሑፍ አጥንተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጊዜው ለድርሰት የሚመች አልነበረም። ፋሺስት ጣሊያን ወረራውን ጀመረ፤ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። በምዕራብ ኢትዮጵያ የሆለታ ዕጩ መኮንኖችና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። ሰብሳቢው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ በጽሑፍ የተደነገገ ደንብ ነበረው፤ ይህም በዘመኑ ለነበረ የአርበኞች ጦር እንግዳ ነገር ነው። አባላቱ ሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች አቃጠሉ። ስንዱም ከዚህ ማኅበር ጋር ተሰለፉ። የማኅበሩን ጦር ይመሩ የነበሩት ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ እጅ ከሰጡ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች ተበተኑ፤ ስንዱም በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ብዙ የተማሩና የመኳንንት ቤተሰቦች ወደ ጣሊያን ሲጋዙ እርሳቸውም በሰርዲኒያ ጠረፍ ወዳለችው አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። ያን ጊዜ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ።

ከነፃነት በኋላ ያልተቋረጠው ሥራቸው ማስተማር ነው። በደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ሠሩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በኃላፊነት አገለገሉ። እቴጌ መነን ከወረራው ጥቂት ዓመታት በፊት ለልጃገረዶች ተብሎ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፤ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርትም ስንዱ ናቸው። ድርሰታቸውን ከዚህ ሥራ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የጻፉት በተማሪዎች ፊት እንዲነበብና በትምህርት ቤት መድረክ እንዲታይ ነበር። በከተማዋ ቴአትር ቤቶች የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ በነበረበት ዘመን በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ውስጥ ተውኔት መድረሱ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ተውኔቶቻቸውና ግጥሞቻቸው የልቤ መጽሐፍ በሚል ርእስ በ1942 ዓ.ም. ታተሙ። ስንዱ በአማርኛ መጽሐፍ ካሳተሙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ የሆኑት በዚህ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ የተደረሰው በማስተማርና በአስተዳደር ሥራ መካከል መሆኑ ሊታሰብ ይገባል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ ወንድሞቿ ካምብሪጅ ሲገቡ እቤት ቀርታ የተማረች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመችው መጽሐፍ ሴት ልብ ወለድ እንድትጽፍ የራሷ ገንዘብና የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል ስትል ተከራከረች። ስንዱ የተሻለ የትምህርት ዕድል አግኝተዋል፤ ለድርሰት ብቻ የሚሆን ጊዜ ግን አላገኙም። አገሪቱ ከተማሩት ጥቂት ሴቶቿ ብዙ ነገር ትጠብቅ ነበርና ብዕራቸው ከሌላ ኃላፊነት የተረፈውን ሰዓት ብቻ አገኘ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በዚህ የተጎዳ ይመስላል፤ የተጠቀሙት በእርሳቸው ሥር ያለፉት ተማሪዎች ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። በተከታዩ ምርጫ፣ በ1950 ዓ.ም. መባቻ፣ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉና በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ቆይቶም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። ያስተማረቻቸው ስዊዘርላንድ በበኩሏ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ስንዱ እንደራሴ ሲሆኑ የስዊስ ሴቶች ገና በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር ማለት ነው። ስንዱ ከፓርላማው በኋላ በምዕራብ ጀርመን ቦን በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውስጥ ሠርተዋል። ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሴት ደራስያን ረጃጅም ልብ ወለዶች በአማርኛ የወጡት ዘግይተው ነው። ከሚታወቁት መካከል የፀሐይ መላኩ ቋሳ እና አንጉዝ ይገኙበታል። ስንዱ ወጣትነታቸውን ያሳለፉበት የ1928ቱ ጦርነት ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ ለጻፈችው የጥላው ንጉሥ መነሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ይህ ልብ ወለድ የጦር መሣሪያ አንሥተው የዘመቱ ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ታሪክ የያዘ ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻ ስድስት መጻሕፍት አንዱ ነበር።