ጠጠር የለበሰ ግድግዳ፤ ከኖራ እስከ ሲሚንቶ

የቤት የውጭ ልስን በመጀመሪያ የታሰበው ለጌጥ ሳይሆን ግንቡን ከዝናብና ከነፋስ ለመከላከል ነው። ዝናብ በሚበዛባት በስኮትላንድ ይህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ከፍ ያለ ግምት ተሰጥቶታል። የአገሩ ግንበኞች ካልተጠረበ ድንጋይ የሠሩትን ግንብ፣ ኖራን ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር ጋር አቡክተው እየወረወሩ ያለብሱት ነበር። «ሃርሊንግ» የሚባለው ይህ ሻካራ ልስን ከመንደር ቤት እስከ ቤተ መንግሥት አገልግሏል።

የአሠራሩ ጥበብ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። የውርወራው ኃይል ቡኮውን ከድንጋዩ ጋር ያጣብቀዋል፤ የገጹ ሻካራነት ውሃ የሚተንበትን ስፋት ያበዛዋል፤ ኖራውም በተፈጥሮው አየር የሚያሳልፍ ስለሆነ ወደ ግንቡ የገባው እርጥበት ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ልስን ውሃን ፈጽሞ ይከለክላል ማለት አይደለም፤ ተቀብሎ መልሶ ይሸኘዋል እንጂ።

ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፖርትላንድ ሲሚንቶን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ግን የኖራ ቦታ ቀስ በቀስ ተነጠቀ። ሲሚንቶ ቶሎ ይደርቃል፤ ጥንካሬውም የላቀ ነው። የጠጠሩም አጣጣል ተለወጠ። በአዲሱ ዘዴ ጠጠሩ ከቡኮው ጋር አይደባለቅም፤ የመጨረሻው የሲሚንቶ ልስን ሳይደርቅ ንጹሕ ጠጠር ይረጭበትና በቀስታ ይጫናል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በብሪታንያ ከተሞች ዳርቻ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ይህን ልብስ ለብሰዋል። ቀለም አይፈልግም፤ የረከሰ ጡብንም ይሸፍናል።

የለውጡ ዋጋ ጎልቶ የታየው ግን ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ለአሳታሚው ለዋልተር ብላኪ በሄለንስበርግ በሠራው፣ በ1904 በተፈጸመው «ሂል ሃውስ» ነው። ማኪንቶሽ የስኮትላንድን ጥንታዊ መልክ ወድዶ ግድግዳውን ሻካራ ልስን አለበሰው፤ ነገር ግን በኖራ ፈንታ ሲሚንቶ ተጠቀመ። የመልኩን ንጽሕና ለመጠበቅም በግድግዳው አናት ላይ ውሃ የሚመልስ ክዳን ድንጋይ ሳያደርግ ቀረ። ሲሚንቶው ሲሰነጣጠቅ ዝናቡ በስንጥቁ ገባ፤ የገባውም ውሃ መውጫ አጥቶ በግንቡ ውስጥ ተከማቸ። ቤቱን ከ1982 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የስኮትላንድ ብሔራዊ የቅርስ ተቋም በ2019 ሕንፃውን በሙሉ በብረት ምሰሶና ከሚሊዮኖች የብረት ቀለበቶች በተሠራ መረብ ከልሎ፣ ቀስ እያለ እንዲደርቅ ለማድረግ ተገደደ።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሲሚንቶው ተነሥቶ በሌላ ቢተካ ሕንፃው ይድናል፤ ነገር ግን የአርክቴክቱ እጅ ሥራ ይጠፋል። ሲሚንቶው እንዳለ ቢተው ደግሞ ሥራውም ሕንፃውም አብረው ይፈርሳሉ። ልስን ለግድግዳ የሚሠራ እንጂ ግድግዳ ለልስን የሚሠራ ባለመሆኑ፣ ሚዛኑ ወደ መጀመሪያው ማዘንበሉ ተገቢ ነው።

ትምህርቱም ለስኮትላንድ ብቻ አይደለም። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሲሚንቶ ልስን እየተነፋ የሚረግፈው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ጠንካራው ከለስላሳው ጋር አብሮ አይተነፍስም። ስለሆነም ልስን የሚመርጥ መሐንዲስ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የልስኑን ጥንካሬ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ጠባይ ነው።