ክትፎና ባልንጀሮቹ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወልቂጤ የደረሰ፣ ወይም በደቡብ አቅጣጫ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ወርዶ ቡታጅራ የገባ እንግዳ፣ ምግብ ቤት አረፍ እንዳለ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጥሬ ይሁን ለብለብ?» ስለ ምን እንደተጠየቀ የሚጠፋው የለም። ጥቂት ቆይቶ ክትፎው በጣባ ይመጣል። ቆጮው፣ ጎመኑ፣ አይቡና ሚጥሚጣው በዙሪያው ይሰለፋሉ። የብዙዎቻችን ዓይን ግን ጣባው ላይ ተተክሎ ይቀራል። የቀሩትን እንደ አጃቢ ቆጥረን ቆንጠር ቆንጠር አድርገን እንተዋቸዋለን። ይህ ጽሑፍ ስለ አጃቢዎቹ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ክትፎ የዘወትር ምግብ እንዳልነበረ ማስታወስ ያሻል። በጉራጌ ቤት የሰንጋ ሥጋ የመስቀል ጉዳይ ነው። አባወራው ለሰንጋው መግዣ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባል፤ እማወራዋም በዊጆ፣ ማለትም በሴቶች የቅቤ ዕቁብ፣ ቅቤዋን ታጠራቅማለች። ከተማ ወጥቶ የሚነግደው ልጅ ለዚያ ቀን አገሩ ይገባል። ታዲያ ከዕርዱ በፊት የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ። ደቅቆ የተከተፈው ጎመን በቅቤ ተለውሶ ሥጋውን ይቀድማል፤ ሰንጋው የሚጣለው ከዚያ ወዲያ ነው። በዓሉ አልፎ ሌላው መስቀል እስኪመጣ ድረስ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እንሰት ነው።

እንሰት ለመብል የሚደርሰው ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ነው። ሴቶቹ ግንዱን ይፍቁታል፤ ቃጫው ለብቻው ይወጣል፤ ሥሩ ይደቅቃል። ከዚያም ሁሉም በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚሆነውን እናቶች በአፍንጫቸውና በእጃቸው ያውቁታል። ተመራማሪው ብርሃኑ ጋሼ ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በሳይንስ ቋንቋ ተርኮታል። እርጎን ከሚያኮመጥጡት ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች እየተተካኩ ሊጡን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱም አበላሺዎቹን ያርቃል። ባክቴሪያዎቹ ምጣድ ላይ ቢሞቱም ሥራቸው ቆጮው ውስጥ ይቀራል። ከሚጋገረው ሊጥ ውስጥ የሚቀረው ደቃቅ ቃጫ በቢላዋ እየተከተፈ ቢደቅም ጨርሶ አይጠፋም።

ይህ አሰር ለሆድ ምን እንደሚሠራ ዓለም ለማስተዋል ዘግይቷል። በዩጋንዳ ለብዙ ዓመታት የሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ጽሑፎች፣ አሰር የበዛበት ምግብ የሚበላው የአፍሪካ ገጠሬ በአውሮፓ የተለመዱትን የሆድ ድርቀትና የአንጀት ሕመሞች እምብዛም እንደማያውቃቸው አሳሰበ። ቆጮ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ጉልበት ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። እንግዲህ ያንን ጉድለት አይቡ ሲሞላ፣ ጎመኑ ደግሞ በአሰር ላይ አሰር ይጨምራል። አይቡ የሚጥሚጣውንም ቃጠሎ ያበርዳል። በአንድ ገበታ የተገናኙት በአጋጣሚ አይመስልም።

መጠንም ሌላው ባልንጀራ ነው። በቸሃ የኖረው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎታል። ጉድጓዱ በቆጮ ሞልቶ ሳለ ሰው ገበታ ላይ በቁጥብነት መብላቱም አስደንቆታል። እርሱ ልማዱን ከረሃብ ሥጋት ጋር አያይዞ ተርጉሞታል። ትርጓሜው ለክርክር የተጋለጠ ቢሆንም፣ ልማዱ ለጨጓራ የሚበጅ መሆኑ አያከራክርም።

ቆጮና ጎመን የማይመክቱት አንድ ጠላት ግን ነበር፤ የኮሶ ትል። ከጥሬ የከብት ሥጋ ጋር ይገባል፤ ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ በሦስት ወር ገደማ ይጎለምሳል፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። ሥጋ ወዳዱ ኢትዮጵያዊም መልሱን ከደጋው ዛፍ አገኘ። የደረቀው የኮሶ አበባ ተወቅጦና ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በአማርኛ ትሉም መድኃኒቱም በአንድ ስም መጠራታቸው የሁለቱን ቁርኝት ይናገራል። በየሁለት ወሩ ገደማ የሚጠጡ ብዙዎች ነበሩ። የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት ስለማይወጣ፣ «ኮሶ ጠጥቷል» ማለት ያልተፈለገ እንግዳን መመለሻ ሰበብ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በሳይንስ መዝገብ የጸናለት ግን ሐገን የተባለ ጀርመናዊን የሚያስታውሰው «ሐገኒያ» የተሰኘው ስም ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አበባው በፓሪስና በለንደን መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ይህን ስል ያለፈው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ የዓይን ብርሃን ያጠፋል፤ ሕይወትም ያሳልፋል። የዛሬዎቹ ክኒኖች ይሻላሉ። በቡታጅራ ዙሪያ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተካሄደው ጥናትም፣ የሕፃናትን ሞት ቤት ለቤት ሲከታተል፣ ተቅማጥ ከሳንባ ምች ጋር ከዋነኞቹ ገዳዮች መካከል ሆኖ አግኝቶታል። የገበታ ጥበብ ቢበዛ ንጹሕ ውሃንና መጸዳጃ ቤትን አይተካም። የኮሶ ትል ራሱ ዙሪያውን የሚቀጥለው ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳና ከብቱ ያንን ሣር ሲግጥ ነው።

የዛሬው ከተሜ ታዲያ ምን አደረገ? ክትፎውን ከመስቀል ነጥቆ የሳምንቱ መጨረሻ ምግብ አደረገው። ቆጮውን በዳቦ ተካው፤ ጎመኑን ገፋ አደረገው፤ በእግር የሚኬደውን መንገድ በመኪና ሄደው። የኮሶውን ቀጠሮ ትቶ የሐኪሙንም ቀጠሮ አልያዘም። ሆዱ ሲነፋና ሲደርቅ ግን የሚወቅሰው ቅቤውን ነው። ለብለብ ማለቱም ያዘናጋዋል፤ ለብ ያለ ሥጋ ትሉን ለመግደል አይበቃም። የቄራ ማኅተም ያለበት ሥጋ መምረጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ጥቂት የትል እንቁላጢዎች ከመርማሪ ዓይን ሊያመልጡ ይችላሉ። አስተማማኙ እስከ ውስጡ በሚገባ መብሰሉ ነው። ጥሬውን አልተውም ያለ ደግሞ ቢያንስ ምርመራውን አይተው።

እንግዲህ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ጎራ ያለ ሰው፣ ጣባው ሲመጣለት እጁን መጀመሪያ ወደ ጎመኑና ወደ ቆጮው ይስደድ። የመስቀሉ ሥርዓትም ያስተማረን ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።