የዜና ጎተራ በገዛ ቤት

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት የኮምፒውተር ፕሮግራም በመሆኑ ከወትሮው የፖለቲካ ሐተታ ያፈነገጠ ሊመስላችሁ ይችላል። ጥቂት ብትታገሡኝ ግን ነገሩ ከለመድነው ጉዳይ እንደማይርቅ ታያላችሁ።

ግንቦት 1998 ዓ.ም. ነበር። የምርጫ 97 ቁስል ገና አልጠገገም፤ የሞባይል አጭር መልእክት ከተዘጋም ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያው ወር ደግሞ በብሎግስፖት ላይ የሚጻፉ ጦማሮች ከአገር ውስጥ መከፈት አቆሙ። አንድ የሥራ ባልደረባዬን ግን ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ እነዚያኑ የተዘጉ ጽሑፎች ያለ አንዳች ችግር ሲያነብ አገኘሁት። ምሥጢሩን ብጠይቀው ፊድ አንባቢ የሚባል ነገር አሳየኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ድረ ገጽ ከመደበኛው ገጹ ሌላ፣ አዳዲስ ጽሑፎቹን በርእስ፣ በቀንና በአድራሻ የሚዘረዝር ፋይል ያስቀምጣል፤ አንዳንዱም ሙሉ ጽሑፉን ይጨምርበታል። ፊድ አንባቢው በየተወሰነ ጊዜ ወደየድረ ገጹ እየሄደ ያንን ፋይል ይለቅማል። የባልደረባዬ አንባቢ መቀመጫው ባሕር ማዶ ስለነበር ጽሑፉን የሚያመጣው በእኛ መስመር አልነበረም። ከልካዩ የዘጋው የጦማሮቹን በር ነው፤ መልእክተኛውን አላወቀውም።

የዚህ ፋይል ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ አርኤስኤስ የተሰኘውን ቅርጽ ለራሱ መግቢያ ገጽ ዜና መሰብሰቢያ ብሎ አወጣው፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ከዚያ በኋላ ዴቭ ዋይነርና ሌሎች ተቀባበሉት፤ ተጣሉበትም። (የሥሪቶቹ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያደናግረው በዚሁ ጠብ የተነሣ ነው።) እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የወጣውን 1.0 ሥሪት ካዘጋጁት አንዱ አሮን ስዋርትዝ ሲሆን ያን ጊዜ ዕድሜው 14 ዓመት ብቻ ነበር። ባለቤት የሌለው፣ ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚጠቀምበት ነገር ሆኖ ቀረ።

የሚያነቡበት ቤት ግን ባለቤት አበጀ። ጉግል ሪደር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ተከፈተ፤ ነጻም ምቹም ስለነበር ተፎካካሪዎቹ አንድ በአንድ ከሰሙ። ኢራናውያን የሳንሱርን አጥር ከሚዘሉባቸው መንገዶች አንዱ አድርገውት ነበር፤ በጉግል አድራሻ ሥር በመሆኑ እሱን ብቻ ነጥሎ መዝጋት ለመንግሥታቸው አስቸጋሪ ነበርና። ሆኖም መንግሥት ያልዘጋውን ኩባንያው ራሱ ዘጋው። የተጠቃሚው ቁጥር ቀንሷል በሚል ምክንያት መጋቢት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አስታውቆ ሰኔ 24 ቀን ቆለፈው። ስንቱ ሰው በአንድ ጀንበር የንባብ ልማዱን እንደተወ መገመት አያዳግትም። በእኔ እምነት ፌስቡክ የዜና ምንጫችን ብቻ ሳይሆን የዜና መራጫችንም ወደ መሆን የተሸጋገረው በዚያው ሰሞን ነው።

በገዛ ኮምፒውተር ላይ የሚተከሉ ነጻ አንባቢዎች ያን ጊዜም ነበሩ። ታይኒ ታይኒ አርኤስኤስ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራ ነበር፤ ፍሬሽ አርኤስኤስም ከሪደር መዘጋት ጥቂት ቀደም ብሎ ተወልዶ ነበር። እኔ የኋለኛውን በ2010 ዓ.ም. መዳፍ በምታክል ራስበሪ ፓይ ኮምፒውተር ላይ ተከልሁት። ፒኤችፒና ኤስኪውላይት የተባለ ቀላል የመረጃ ቋት ይበቃዋል፤ የምከታተላቸውን ገጾች ዝርዝር ኦፒኤምኤል በሚባል አንዲት ፋይል ማስገባት ደግሞ የደቂቃ ሥራ ነው። እኔን ያታለለኝ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ በየሰዓቱ እንዲለቅም ክሮን በተባለው የጊዜ ቀጣሪ ማዘዝ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም አዲስ ጽሑፍ ሳይመጣ ሲቀር፣ በዚያ በሚንቀለቀል ዓመት፣ «አገሩ ምነው ጸጥ አለ?» እያልሁ ስደነቅ ሰነበትሁ።

ዋጋዋን ያወቅሁት ሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን ማታ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሳምንታትም አልተመለሰም። በእነዚያ ቀናት ወሬ እንጂ ጽሑፍ በጠፋበት ከተማ የእኔዋ ሳጥን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የለቀመችውን ይዛ በቤቴ ዋይፋይ ላይ ትነበብ ነበር። አዲስ ነገር አልነበራትም። ነገር ግን ማን ከመቋረጡ በፊት ምን እንደ ጻፈ፣ በየትኛው ቀን እንደ ጻፈ አንድም ሳይጎድል ነበር፤ በኋላ «እኔ እንዲያ አላልሁም» ያሉም ሲመጡ የቀደመው ቃላቸው እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበር።

ጉድለቷን አልደብቅም። በቤት ያለች ሳጥን የምትተነፍሰው እኛ በምንተነፍሰው መስመር ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ የምከታተላቸውን የዩቲዩብ ዝግጅቶች ዝርዝር ማምጣት አቅቷት እሷም እንደ እኔው ታገደች። ከባሕር ማዶ ሰርቨር እንዳልከራይ ክፍያው በዶላር ነው፤ ዶላሩን ደግሞ ከወዴት? በመጨረሻ ያችኑ የኦፒኤምኤል ፋይል ቨርጂኒያ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ላክሁለት። እሱም ሁለተኛዋን ሳጥን በመኝታ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አኑሮልኝ፣ በደወለልኝ ቁጥር ከቤተሰቡ ጤንነት ቀጥሎ የእሷን ደኅንነት ይነግረኛል።

ቸር እንሰንብት።