ሲጋራውን የሰረቀና ቁልፉን የያዘ

ፓሪስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1944 ከጀርመኖች ነፃ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የከተማዋ ጥቁር ገበያ በአሜሪካ ጦር ዕቃ ተጥለቀለቀ። ቤንዚን፣ የታሸገ ምግብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲጋራ ይቸበቸብ ጀመር። ዕቃው ከወደብ ተነሥቶ በባቡርና በጭነት መኪና ወደ ግንባር ሲጓዝ መንገድ ላይ ይጎድላል። ከሚያጎድሉት መካከል ደግሞ አድርሱ ተብለው የታዘዙት ወታደሮች ራሳቸው ነበሩበት።

ሲጋራ ስለሆነ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ሲጋራ የወታደሩ ስንቅ አካል ነው። ጭቃና ብርድ ውስጥ ለተቀመጠ እግረኛ ያቺ ፓኮ ትልቅ ነገር ነበረች። እሱ አጥቷት ሳለ፣ ከኋላ ያለው ጓዱ በእሷው ኪሱን እያደለበ መሆኑን ሲሰማ ምን ይለዋል? የጦር ንብረት ስርቆት ከተራ ስርቆት የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ተራ ሌባ የማያውቀውን ሰው ይሰርቃል፤ ወታደር ሌባ የሚሰርቀው ፊት ለፊቱ ቆሞ ጥይት የሚከላከልለትን ጓዱን ነው።

በዚያ የብርድ ወቅት የ716ኛው የባቡር ሻለቃ አባላት በጅምላ ተይዘው ጦር ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከተከሳሾቹ መካከል መኮንኖችም ነበሩ። ፍርዱ ከባድ ሆነ፤ አሥርት ዓመታት እስር የተፈረደባቸው አሉ።

በኋላ ግን ጠቅላይ አዛዡ ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር አንድ ውሳኔ አሳለፉ። የተፈረደባቸው ተራ ወታደሮች ፈቃደኛ ከሆኑ ግንባር ዘምተው ስማቸውን እንዲያድሱ ዕድል ሰጧቸው። አብዛኞቹም ተቀበሉ። ለመኮንኖቹ ግን ይህ ዕድል አልተሰጠም።

ስርቆቱ አንድ ሆኖ ቅጣቱ ሁለት መሆኑ ፍትሕ ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ተጨንቀውበታል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደሚነግረን፣ የሮም ጦር ሲሰፍር በሰፈሩ ያለ ሰው ሁሉ፣ ነፃም ሆነ ባሪያ፣ ምንም ላይሰርቅ ይምላል። የሰረቀ ወታደር በገዛ ጓዶቹ በዱላና በድንጋይ ይቀጠቀጣል፤ አብዛኛው እዚያው ይሞታል። ፖሊቢየስ በጻፈው ውስጥ ትንሽ ስርቆትና ትልቅ ስርቆት አልተለየም።

ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ግን የሮም ሕግ መለየትን ተማረ። ፓውሎስ የተባለው የሕግ ሊቅ (ከሐዋርያው ጋር እንዳይምታታ) የጻፈው፣ በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን በ533 በታወጀው የሕግ ስብስብ ውስጥ ተቀምጧል። ወታደር የእግር መጠቅለያውን ወይም የትከሻ ልብሱን ከሸጠ ይገረፍ፤ ጥሩሩን፣ ጋሻውን፣ ራስ ቁሩን ወይም ሰይፉን ከሸጠ ግን ከጦር እንደኮበለለ ይቆጠር ይላል። በዚያው ስብስብ ሞዴስቲኑስ የተባለ ሌላ ሊቅ፣ የባልንጀራውን መሣሪያ የሰረቀ ከማዕረጉ ይውረድ ይላል።

ከሁሉም የሚደንቀው የፓውሎስ ማሳረጊያ ነው። ለምልምል ወታደር ይቅርታው ይቅለል፤ ያለጊዜው መሣሪያ ያስረከበው የግምጃ ቤት ጠባቂ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ላይ ይውደቅ ይላል።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄ አለን። የጠፋው ምንድን ነው? ያጠፋው ምን ያህል ያውቃል? ቁልፉስ በማን እጅ ነበር? የአይዘንሃወር ውሳኔ ሲመዘን በሦስተኛው ጥያቄ ይመሰገናል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። አለቃው አብሮ ሲዘርፍ ያየ ወታደር ያጠፋው ጥፋትና አለቃው ራሱ ያጠፋው ጥፋት እኩል አይደለም። መኮንኑ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የበታቹንም ልጅ አበላሽቷል።

ውሳኔው ግን እንከን አለው። ግንባር የሌባ ንስሐ መግቢያ ከሆነ፣ ሳይሰርቅ እዚያው ጭቃ ውስጥ የሚሞተው እግረኛ በምን ጥፋቱ ነው? ክብር የተባለለት ቦታ ለአንዱ ግዴታ፣ ለሌላው የእስር ምትክ ሆነ። ጦርነቱ ሰው ይፈልግ ስለነበር ታለፈ እንጂ፣ የተሰረቀውን እግረኛ አስተያየት የጠየቀ አልነበረም።

በየትኛውም አገር የጦር ንብረት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያዘው በእጁ ዕቃ የተገኘበት ተራ ወታደር ነው። ይቀጣ፤ መቀጣትም አለበት። ዳኛው ግን የቅጣቱን ልክ ከመወሰኑ በፊት የግምጃ ቤቱን መዝገብ ያስመጣና ወጪው ላይ የማን ፊርማ እንዳለ ይመልከት።