ካርድ ያላስፈለገው ፊደል

አዳማ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል የኦሮሚያ ክልል ርዕሰ ከተማ ነበረች። የክልሉ የውስጥ ደብዳቤ በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ ሲጻፍ ማንኛውም ኮምፒውተር ከካርቶኑ እንደወጣ ይበቃ ነበር። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ሌላ የሚጠይቀው የለም፤ ሁዳ የምትባለው ምልክቱ እንኳ አፖስትሮፍ ናት። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላከው የአማርኛ ደብዳቤ ግን ፓወር ግዕዝን ወይም ቪዥዋል ግዕዝን የመሰለ ፕሮግራም ይፈልግ ነበር። ተጽፎ በዲስኬት ቢሄድም ተቀባዩ ዘንድ ያው ፎንት ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነበር።

ኮምፒውተርን ያልተፈጠረበትን ሥራ ማሠራት ሌላውንም ዓለም ያስጨነቀ ጉዳይ ነው። መፍትሔው ደግሞ አንዳንዴ የሚሰካ ካርድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 ማይክሮሶፍት በዋሽንግተን ግዛት፣ ቤልቪው ከተማ ውስጥ ያለ ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ዊንዶውስ ገና አልታሰበም። ከሚሸጣቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ለኢንቴል 8080 ፕሮሰሰርና ለዘመዶቹ ነበር። ገበያው የወደደው አፕል 2 ግን 6502 የሚባል ሌላ ፕሮሰሰር ስላለው የእነዚያን ትእዛዝ አይረዳም። ሁሉን ነገር እንደገና መጻፍ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ያኔ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ፖል አለን ነገሩን ገለበጠው፤ ፕሮግራሙን ለማሽኑ ከመለወጥ ለማሽኑ ሌላ ፕሮሰሰር መሸጥ። የአፕል 2 ክዳን ሲነሳ ስምንት ስሎቶች አሉ። ከአንዱ የሚሰካው ካርድ፣ የ8080ን ትእዛዝ የሚያውቀውን የዛይሎግ ዜድ80 ፕሮሰሰር ተሸክሟል። ስሙ ሶፍትካርድ፣ ዋጋው 349 ዶላር፤ ሲፒኤም የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም አብሮት ይመጣል።

እኔን የሚደንቀኝ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይጋጩ መኖራቸው ነው። የሚሠሩት በተራ ነው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይቆማል። ዲስኩንና ኪቦርዱን የሚያውቀው ነባሩ 6502 ስለሆነ፣ ዜድ80 ከዲስክ ማንበብ ሲያሻው ተራውን ይለቅለትና ሲጨርስ መልሶ ይረከባል። የሜሞሪው ነገር ደግሞ ይብሳል። ሲፒኤም ከአድራሻ ዜሮ ጀምሮ ያለውን ቦታ ለራሱ ይፈልጋል፤ 6502 ግን እዚያው ላይ የራሱን ጉዳይ አስቀምጧል። ስለዚህ ካርዱ ዜድ80 የሚጠራውን አድራሻ በ4,096 ባይት ወደፊት ይገፋዋል። ዜድ80 ዜሮ ላይ የቆመ ይመስለዋል፤ የቆመው ግን ሌላ ቦታ ነው።

በዚህ ዘዴ ወርድስታርና ዲቤዝ 2 የተባሉት የሲፒኤም ፕሮግራሞች በአፕል ላይ ሠሩ። ካርዱ በ1980 ከማይክሮሶፍት ገቢ ትልቁን ድርሻ አስገባ። የመጀመሪያውን ናሙና የሠራው ቲም ፓተርሰን በዚያው ዓመት የጻፈው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ከጊዜ በኋላ ተሸጦ ኤምኤስ ዶስ ሆነ። የሶፍትዌር ንጉሥ የተባለው ድርጅት አንድ ዓመት በሃርድዌር ነጋዴነት መኖሩ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል።

ወደ ፊደል ስንመጣ ካርዱ ሌላ መልክ ይይዛል። ታይላንዳዊው ቫን ሱዋናኩል የዶክትሬት ጽሑፉን በታይኛ ለመጻፍ ሲነሳ የአይቢኤም ፒሲ የጽሑፍ ካርድ ከተሰጠው ፊደል ሌላ አላሳይም አለው። የራሱን ሠራ፤ በ1982 ዓለም ሄርኩለስ ብሎ ያወቀው የግራፊክስ ካርድ ከዚያ ወጣ። በቻይና የመሐንዲሱ የኒ ጓንግናን የቻይንኛ ፊደል ካርድ በ1985 ዛሬ ሌኖቮ የምንለውን ኩባንያ በእግሩ አቆመ።

ቻይናውያን ካርድ የግድ የሆነባቸው በቁጥር ምክንያት ነው። የ1980ው ብሔራዊ የፊደል ሰንጠረዣቸው 6,763 ፊደላት ይዟል። እያንዳንዱ 16 በ16 ነጥብ ሲሣል 32 ባይት ይወስዳል፤ በድምሩ ከ216 ሺህ ባይት በላይ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ፒሲ ለፕሮግራም የሚሰጠው ሜሞሪ ቢበዛ 640 ኪሎባይት ነበርና ፊደሉን ካርዱ ላይ ባለ ቺፕ ማኖር ተገቢ ነበር። የእኛው ፊደል ቁጥሩን፣ ነጥቡንና ዲቃላውን ጨምሮ፣ በኋላ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ እንደቆጠረው 345 ምልክት ነው። በዚያው ስሌት 11 ኪሎባይት ገደማ ቢፈጅ ነው። ከ1984 ጀምሮ የወጣው ኢጂኤ የተባለው የፒሲ ግራፊክስ ካርድ ራሱ በአንድ ጊዜ 512 የተለያዩ ምልክቶችን መያዝ ይችል ነበር። ስለዚህ ለግዕዝ ልዩ ካርድ መሥራት ግድ አልነበረም፤ ሶፍትዌር ይበቃ ነበር።

ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ቅለት ይመስለኛል። በአንድ ባይት የሚወከለው 256 ምልክት ነው፤ ግማሹ በላቲን ተይዟል። በቀረው 128 ውስጥ ከ200 በላይ ፊደል አይገባም። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ላቲኑን ነቅሎ ቦታውን ለግዕዝ ሰጠ፤ ሌላው ፊደሉን ለሁለት ፎንት አከፋፈለ፤ ሌላውም ፊደሉንና የእንዚራውን ምልክት ለየብቻ አድርጎ ገጣጠማቸው። ለሁሉም ደካማ ማሽን ይበቃቸው ነበር፤ ቁጥሩን ግን እያንዳንዱ እንደ ራሱ ሰጠ። በአንዱ ዘንድ «ሀ» የሆነው ኮድ በሌላው ዘንድ «ቀ» ሊሆን ይችላል። ቻይናውያን ከካርዱ በፊት ሰንጠረዡን አውጥተው ነበር። እኛን የጎደለን ካርዱ ሳይሆን ያ ሰንጠረዥ ነው።

እርሱም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ተገኘ። ከሥራው ጋር ስማቸው ከሚነሱት መካከል ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኙበታል። ሰንጠረዡ ቢኖርም ግን ወዲያው ቢሮ አልገባም፤ በአዳማዎቹ ዓመታት ጸሐፊው የሚያውቀው ያኔም የተጫነለትን ፎንት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ፣ በደጋ አጋዘን ስም የተሰየመውን ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አማርኛን ለማንበብ ብቻ ሲባል ፎንት ፍለጋ መዞር ቀረ።

የቀደሙት ፋይሎች ግን በራሳቸው አልተለወጡም። ኮዱን ወደ ዩኒኮድ የሚያዛውሩ መለወጫዎች አሉ፤ የሚሠሩት ግን ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ከታወቀ ብቻ ነው። የፓወር ግዕዝን ፋይል በቪዥዋል ግዕዝ ሰንጠረዥ ቢያዛውሩት የሚወጣው ግዕዝ ነው፤ የሚነበብ ቃል ግን የለበትም።