ሰይፍ ያልታጠቁት መሪ፤ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስና ከእምነት የሚገኝ ድፍረት

ጀግና ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው የሚሣለው ጋሻና ጦር ይዞ በፈረስ የሚጋልብ ወይም ጠመንጃ አንግቶ ከጠላት ምሽግ የሚገባ ሰው ነው። የሀገራችን ታሪክ ከጉንደት እስከ ዐድዋ፣ ከዐድዋም እስከ አምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ድረስ እንዲህ ባሉ ሰዎች ሥራ የተመላ ስለ ሆነ፣ ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አያስቸግርም። ነገር ግን በ1928 ዓ. ም. ክረምት በአዲስ አበባ ከተማ በጠላት ጠመንጃ ፊት የቆሙት አንድ አባት ጦር አላሰለፉም፣ ጥይትም አልተኮሱም። በእጃቸው የነበረው መስቀል፣ በአፋቸው የነበረው ቃል ብቻ ነበረ። እኒህም አባት ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው።

ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተነግሯል፤ ሐውልታቸውንም የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሰው በሞቱ ሰዓት የሚያሳየው ድፍረት በአንዲት ቀን የሚበቅል አይደለም። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ያለ ጦርና ያለ ሀብት አንድ ሰው እንዴት መሪ ሊሆን ይችላል? ድፍረቱስ ከየት ይመጣል?

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአራተኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ከእለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብለው ከመጡ ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምታገኘው ከግብጽ ነበር። ከዚያ የሚላኩት አባቶች የሀገሩን ቋንቋና ልማድ ሳያውቁ ስለሚመጡ፣ በጳጳሱና በምእመናኑ መካከል ሁልጊዜ አስተርጓሚ ይቆም ነበር። ከ1,600 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1921 ዓ. ም.፣ ከኢትዮጵያውያን መምህራን መካከል አራት ተመርጠው ወደ ግብጽ ሄዱና በፓትርያርኩ በአቡነ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ተሾሙ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ፓትርያርኩ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው እጨጌውን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ጨመሩላቸው። ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የሚመክሩትና የሚገሥጹት፣ ኀዘኑንና ደስታውን የሚያውቁለት ጳጳሳት አገኘ ማለት ነው።

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ነው። ከመመንኰሳቸው በፊት ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። ያደጉት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ይህም ትምህርት ምን ዓይነት እንደ ሆነ አባቶቻችንና አያቶቻችን ያውቁታል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ስለ ቅድስት ማርያም እያለ የዕለት እህሉን ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ዝናብ ይመታዋል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ረኃብ ያስቸግረዋል። ማታ ደግሞ በጭለማ ተቀምጦ የቀለሙን ትምህርት በቃሉ ይይዛል። በእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት የሚገኘው ፍሬ ዜማና ቅኔ ብቻ አይደለም። ተማሪው የማይመቸውን ነገር ታግሦ የጀመረውን መፈጸም ይለምዳል። አቡነ ጴጥሮስም በዚህ መንገድ አልፈው መነኰሱ፤ ከተማሪነትም ወደ መምህርነት ደረሱ።

በሢመታቸው ቀን የተሰጣቸው ስም የሐዋርያው የጴጥሮስ ስም ነው። ይህን ስም ልብ ልንለው ይገባል። ሐዋርያው ጴጥሮስ ጌታው በተያዘበት ሌሊት በአንዲት አገልጋይ ጥያቄ ደንግጦ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ የካደ ሰው ነው። የኋላ ኋላ ግን ያው ጴጥሮስ በሸንጎ ፊት ሳይፈራ መሰከረ፤ ስለ እምነቱም እንደ ሞተ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይነግረናል። እንግዲህ ለኢትዮጵያዊው ጳጳስ የተሰጣቸው ስም ከቶ ያልፈራ ሰው ስም አይደለም። ፈርቶ ወድቆ፣ አልቅሶ የተነሣ ሰው ስም ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። በኅዳር 26 ቀን አውሮፕላኖቹ ደሴን በቦምብ ደበደቡ። አቡነ ጴጥሮስ መንበራቸው በወሎ ስለ ነበረ፣ ጦርነት በሕዝብ ላይ የሚያመጣውን መከራ በቅርብ አወቁት። ከመጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተበተነ፤ ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ዋና ከተማውን ያዘ። ያን ጊዜ መንግሥት የለም፤ ደመወዝ የሚከፍል፣ ትእዛዝ የሚሰጥ፣ ሹመት የሚሾም የለም። እያንዳንዱ ሰው ማድረግ የሚገባውን ከገዛ ኅሊናው ጋር ተማክሮ መቍረጥ ነበረበት። የእውነተኛ መሪነት ፈተናም የሚገኘው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ ወደ ተወለዱበት አገር፣ ወደ ሰላሌና ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዱ። በዚያም የልዑል ራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ ገና እጃቸውን ሳይሰጡ ጦር ይዘው ነበር። አርበኞቹ ክረምቱ ሳያልፍ አዲስ አበባን በየአቅጣጫው ከበው ለመምታት ቍርጥ አሳብ አደረጉ። አቡነ ጴጥሮስም እየዞሩ አስተማሩ፤ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ መከሩ፤ ተስፋ የቈረጠውን አጽናኑ።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ. ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ከሰሜን የመጣው ጦር እስከ ከተማው መካከል ዘልቆ ነበር። ነገር ግን በሌላ አቅጣጫ ይመጣሉ የተባሉት ጓዶች በአንድ ሰዓት አልደረሱም። የሐምሌ ዝናብ ወንዙን ሁሉ ሞልቶት ነበር፤ አርበኞቹም እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ወይም ስልክ አልነበራቸውም። ጠላት መትረየስና መድፍ፣ አውሮፕላንም ስለ ነበረው አንዱን ወገን ከመለሰ በኋላ ወደ ሌላው ለመዞር ጊዜ አገኘ። ጦርነቱም ሳይሳካ ቀረ። አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ወደቁ።

ጠላት አሁን ከእሳቸው የሚፈልገው ምን ነበር? የሚፈልገው አንድ ቃል ነው። ጳጳስ በሕዝበ ክርስቲያኑ ዘንድ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ያለው አባት ነው። የእሳቸው ግዝት ከዐዋጅ ይልቅ ይፈራል። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው ቢያወግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ ቢያዝዙ፣ ጠላት በብዙ ሻለቃ ጦር የማያገኘውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ባገኘ ነበር። ለአንድ ሰው ሕይወት የተጠየቀው ዋጋ በእውነቱ ቀላል ይመስላል፤ ከአፍ የሚወጣ ጥቂት ቃል ነው። አቡነ ጴጥሮስ ግን ያን ቃል አልተናገሩም። እንዲያውም ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትገዛለት ገዘቱ።

ወዲያው በወታደር ፍርድ ቤት ተፈረደባቸውና ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ጠላት በአደባባይ የገደላቸው ሕዝቡ አይቶ እንዲፈራ ብሎ ነበር። ሕዝቡ በእርግጥ አየ፤ ያየው ግን አንድ ጳጳስ ቃሉን ሳይሸጥ መሞት እንደሚችል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ዝም ብለው ቢኖሩ ለሕዝቡ ይበልጥ አይጠቅሙም ነበርን? ሞታቸውስ ምን ለወጠ? አዲስ አበባ እንደ ሆነች በጠላት እጅ ቀረች» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይህ ጥያቄ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በዚያን ዘመን ብዙ ሰዎች፣ ከነርሱም መካከል መልካም ሰዎች ሳይቀሩ፣ እንዲሁ አስበው ገብተዋል። አብረዋቸው ከተሾሙት ጳጳሳት አቡነ አብርሃም ለኢጣሊያ መንግሥት ገብተው፣ በ1930 ዓ. ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእለእስክንድርያ ተለይታለች በተባለ ጊዜ የሊቀ ጵጵስናውን ሹመት ተቀበሉ። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በአንድ ፓትርያርክ እጅ የተሾሙ ናቸው። ስለዚህ ሹመትና ትምህርት ብቻውን ሰውን ደፋር እንደማያደርገው ከዚህ እንረዳለን። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መስቀል ቢይዙም፣ መስቀሉን እንዴት እንደሚይዙት የሚታወቀው በመከራ ቀን ነው።

ሞታቸው ምን ለወጠ ለሚለው ግን መልሱን ከዚያ በኋላ ከሆነው ነገር እናገኛለን። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ. ም. በጎሬ እንዲሁ ለጠላት አልገዛም ብለው ተገደሉ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን የምሕረት ተስፋ ተሰጥቷቸው እጃቸውን ቢሰጡ በፍቼ ተገደሉ፤ እንግዲህ መገዛትም ቢሆን ከሞት እንዳላዳነ ልብ ይሏል። የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቃለን። በግንቦት ወር ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ግራዚያኒ በመጀመሪያ ለሮም ያስታወቀው ቍጥር 297 መነኮሳት ሲሆን፣ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን የሞቱት ከዚያ እጅግ እንደሚበዙ አሳይቷል። ጠላት ገዳሙን እንዲህ የፈራው ጠመንጃ ስለ ተከማቸበት አልነበረም። ሰው የሚሰማው ቃል የሚወጣበት ቦታ ስለ ሆነ ነው። አርበኞቹም በየጫካውና በየተራራው ተጋድሏቸውን ሳያቋርጡ ቈይተው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ እንደገና በአዲስ አበባ ተሰቀለ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ድፍረት ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ ክርስቲያን ሞትን የነገር ሁሉ መጨረሻ አድርጎ ስለማያይ፣ በሞት የሚያስፈራራው ሰው በእሱ ላይ ፍጹም ሥልጣን የለውም። ሁለተኛው፣ እረኛነት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ለብቻቸው ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ስለ ራሳቸው ብቻ ባሰቡ ነበር፤ ነገር ግን ተኵላ ሲመጣ መንጋውን ጥሎ የሚሸሽ እረኛ ቅጥረኛ እንደ ሆነ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ያስተማሩትን ትምህርት በራሳቸው ላይ ፈጸሙት። ሦስተኛው ልማድ ነው። በጾም የራበውን ሆድ እምቢ ማለት፣ በሌሊት ጸሎት የከበደውን እንቅልፍ እምቢ ማለት የለመደ ሰው፣ ቀኑ ሲደርስ ጠላትን እምቢ ለማለት ኃይል ያገኛል። እምነት ፍርሃትን ከሥጋችን ነቅሎ አይጥለውም፤ ጌታችንም በጌቴሴማኒ መጨነቁ ተጽፏል። ይሁን እንጂ እምነት ያለው ሰው ከፍርሃቱ የሚበልጥ ጌታ ስላለው ለፍርሃቱ አይታዘዝም።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ. ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ፣ በ2008 ዓ. ም. ተመልሶ ቆሟል። ሐውልት ይነሣል፣ ይመለሳልም። የሰውን ምሳሌነት በልባችን ማቆም ግን የእያንዳንዳችን ሥራ ነው።

ጓደኞቼ ተማሪዎች ሆይ፤ እኛን ጥይት የሚደቅንብን የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በየዕለቱ አንድ ቃል እንጠየቃለን። ጓደኛችን ያላደረገውን አድርጓል ብለን እንድንመሰክር፣ የሌላውን መልስ ገልብጠን የራሴ ነው እንድንል፣ ደካማው ሲሣቅበት አብረን እንድንሥቅ ይፈለጋል። በእንዲህ ያለች ጥቂት ነገር ቃሉን የሚሸጥ ሰው በታላቁ ቀን ቃሉን ከየት ያመጣዋል? መሪ ለመሆን የክፍል አለቃ ወይም ባለሥልጣን እስክንሆን መጠበቅ አያስፈልገንም። በአሥር ሰዎች መካከል እውነቱን በትሕትና የሚናገር አንድ ልጅ ለእነዚያ ለዘጠኙ መሪያቸው ነው።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ እናንተ ደግሞ የምትዘሩብን ዘር ዛሬ ቢታይ ባይታይ አትዘኑ። በሰላሌ ኃይለ ማርያም የሚባለውን ልጅ ፊደል ያስቈጠሩት መምህር ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ አልተጻፈም። የትምህርታቸው ፍሬ ግን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በዓለም ፊት ታየ።