ከካሜራ የምታንስ ከተማ

ሐዋሳ መጥቶ ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ ሳይነሳ የተመለሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! ሽርሽረኛው፣ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ሁሉም ሐይቁን ከኋላው አድርጎ አንድ ጊዜ ፈገግ ብሏል። እኛም ብለናል። ይሄ ጽሑፍ ግን ስለ ፈገግታው ሳይሆን ስለ ካሜራው ነው፤ ማን ያዘው? ማንን አነሳበት? እኛስ ምን እናድርግበት?

በጋዜጠኝነት ተመርቀን ወደ ከተማችን የተመለስን ሰሞን አራት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛን። አርቲስት ልንሆን ነዋ! ስድስት ወር ሙሉ የምትጠልቅ ጀምበር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብቅ አባ ኮዳ፣ ባዶ ጀልባ ስናነሳ ከረምን። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ችግሩ የማንም ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ለአንድ ቀን የመጣ ቱሪስት ካነሳው ጋር ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የትኛው የእኛ እንደሆነ መለየት አቃተን። ተወልደን ያደግንበትን ከተማ እንደ እንግዳ ነበር የምናየው። ስለዚህ ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትንና ታሪክ ማገላበጥ ያዝን።

ከመድፍ ጋር የመጣ ዕቃ

ፎቶግራፍ ለዓለም በይፋ የተበሰረው እ.ኤ.አ. በ1839 ፓሪስ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው እኛም አገር ደረሰ፤ አመጣጡ ግን የወዳጅ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመድፉና ከዝሆኖቹ ሌላ የፎቶ ዕቃም አስጭኖ ነበር። የጦሩ መሐንዲሶች መንገዱንም፣ ሰፈሩንም፣ ሰዉንም እያነሱ ሄዱ። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ።

እዚያም ዋይት በሚባለው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ሴት ፎቶ አነሳችው። የእሷ ታሪክ ይገርማል። የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ፣ ከልጇ በስጦታ ነው። ዛሬ ከዘመኑ ታላላቅ ፎቶ አንሺዎች ተርታ ትጠራለች። «አለፈብን» የምትሉ የሃያ አምስት ዓመት ሽማግሌዎች፣ ሰምታችኋል?

የልዑሉ ፊት ግን ኀዘን ያጠላበት ነው። እሷ በካሜራው መንገዷን አገኘች፤ እሱ ወደ አገሩ ሳይመለስ በ18 ዓመቱ አረፈ። አንድ ካሜራ ለያዘው ሰውና ለተነሳው ሰው አንድ ዓይነት ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ፎቶ በላይ ያስረዳን የለም።

ከቤተ መንግሥት ወደ ሰፈር

ቀጥሎ ካሜራ ቤተ መንግሥት ገባ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወረሱ። ቶኒ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ነበር። የነገሥታቱን መልክ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው እነዚህን በመሰሉ ሰዎች ዓይን ነው። ከዚያ ፎቶ ቤት ሰፈር ድረስ ወረደ፤ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ለጓደኛ የሚላክ ፎቶ የሁሉም ሆነ።

በእኛ ዕድሜ መንገዳቸውን ያገኙትን ደግሞ እንያቸው። ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሥዕል ነው። ከተመረቀ በኋላ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበት። አስቡት፣ ሠዓሊ ሆኖ ቀለም ሲጠላው! ወደ ካሜራ ዞረና የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ ሰፈሮች አነሳ። አይዳ ሙሉነህ ከልጅነቷ ጀምሮ በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ ኖራ፣ አሜሪካ ከሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ ስታነሳ ቆይታ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ2007 ባማኮ ላይ ተሸለመች፤ በ2010 ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ሁለቱም ጋ ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ሩቅ አገር ያለ ውበት ፍለጋ አልሄዱም፣ እግራቸው ሥር ያለውን አዩ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍማ አዲስ ፎቶ እንኳ አላስፈለገውም። አዘጋጆቹ ከየቤቱ የቤተሰብ አልበም ነው የሰበሰቡት። እዚህ ላይ ነው እኛ የነቃነው።

ሐዋሳስ?

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ካሜራ በ120 ዓመት ገደማ ይበልጣታል ማለት ነው። ጎንደርና ሐረር ፎቶ ያልነበረበት ረጅም ዘመን አላቸው፤ ሐዋሳ ግን ፎቶ ሊነሳ የማይችል አንድም ቀን ኖሯት አያውቅም። «አዋሳ» ተብላ፣ «ሐዋሳ» ተብላ፣ የደቡብ መዲና ሆና፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል መዲና ሆና፣ ሁሉም ሊነሳ ይችል ነበር። ታዲያ የት አለ?

አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ሄደን ጠየቅን። ባለቤቱ ሳቁብን። «ኔጋቲቩን? ዲጂታል የገባ ጊዜ በማዳበሪያ ሞልቼ ጣልኩት። ማን ይፈልገዋል ብዬ!» ልንናደድባቸው አሰብን፤ ግን ከመካከላችን አንዷ ስልኳን ባጃጅ ውስጥ ረስታ የአራት ዓመት ፎቶዋን ያጣችው ባለፈው ዓመት ነው። በምን አፋችን?

የተረፈው አልበም ነው። የአንዳችን አያት ከአልጋቸው ሥር አንድ አልበም አወጡልን። 1968 ዓ.ም.፤ እሳቸው ወጣት ሆነው፣ አፍሯቸውን አበጥረው ቆመዋል። ከኋላቸው በመጋረጃ ላይ የተሣለ ሐይቅ አለ። እውነተኛው ሐይቅ ከፎቶ ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው! ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ተብሎ ተጽፏል። አልበሙ ውስጥ ካሉት ሌሎች ሰዎች የግማሹን ስም ረስተውታል።

ካሜራችንን ከቁም ሳጥን ያወጣነው ያን ቀን ነው። አሁን ቤት ለቤት እንዞራለን። ባለቤቱን አስፈቅደን አሮጌውን ፎቶ እናነሳለን፣ ስምና ዘመን እንመዘግባለን፣ በመጨረሻ «እንዴት ሆነው መነሳት ይፈልጋሉ?» ብለን እንጠይቃለን። አያታችን ጊዜ አልፈጀባቸውም። «እናንተ ልጆች፣ ሐይቁ ዳር ውሰዱኝ። ያን ጊዜ የተነሳሁት በሥዕሉ ነው።» ወሰድናቸው። እስካሁን ካነሳናቸው ሁሉ የእኛ ነው ብለን አፋችንን ሞልተን የምንናገርለት የመጀመሪያው ፎቶ እሱ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ የቤታችሁን አልበም አውጡ። ስሙን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቃችሁ፣ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉበት።

ቸር እንሰንብት!